በዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እስራኤላዊ ያልሆኑ ሰዎችን ተከትሎ ለማንበብ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ነቢዩ ኤርምያስ ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ የጣሉት የገዛ አገሩ መኳንንት ነበሩ። የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስም እናንተን እምቢ ለማለት አቅም የለኝም በሚል ቃል አሳልፎ ሰጣቸው። ወደ ንጉሡ ቀርቦ እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል ብሎ በግልጽ የተናገረው በቤተ መንግሥቱ ያገለግል የነበረው ኩሻዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ብቻ ነው። ነቢዩን በገመድ ሲያወጣውም ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ያረጀ ጨርቅ እንዲያደርግበት ነገረው (ኤር. 38፥6-13)። ጸሐፊው የከተማይቱን መውደቅ እየተረከ ለአንድ የባዕድ አገር ሰው ጨርቅ ይህን ያህል ቦታ የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ናቸው፤ አጋር፣ ዮቶር፣ በለዓም፣ ረዓብ፣ ኢያዔል፣ ሩት፣ ኦርዮ፣ ኢታይ፣ ንዕማን፣ የነነዌ ንጉሥ፣ ቂሮስ ጥቂቶቹ ናቸው። የተለመደው አነባበብ እነዚህን «ያመኑ አሕዛብ» እና «ጠላት የሆኑ አሕዛብ» በሚሉ ሁለት ክፍሎች መድቦ ያልፋል። እኔ ግን ብዙዎቹ በትረካው ውስጥ እስራኤል ራሷ የምትለካባቸው መለኪያዎች ሆነው እንደ ቆሙ አምናለሁ፤ ይህ የሚታየው ደግሞ በሥርዓት ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው። መመሪያው የተዘጋጀው ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪዎችና ለብቻቸው ለሚያጠኑ አንባቢዎች ነው። ዕብራይስጥ ማወቅን አይጠይቅም።

አንደኛ እርምጃ፦ መሣሪያዎችን ማዘጋጀት

ሁለት የአማርኛ ትርጉሞች ያስፈልጉዎታል፤ አንዱ በ1954 ዓ.ም. የታተመው ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ ከእርሱ በኋላ የወጣ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ አንድን ቃል በተለያየ መንገድ ሲተረጉሙት ከሥሩ አንድ አስቸጋሪ የዕብራይስጥ ቃል እንዳለ ይጠርጥሩ። በየቃሉ ላይ የስትሮንግ ቁጥር የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያም ይጫኑ። የስትሮንግ ቁጥር ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥ ቃል የተሰጠ መለያ ስለሆነ ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰውም የትኛው ቃል የት እንደ ገባ ሊከታተል ይችላል።

በዚህ መመሪያ የዕብራውያን መጻሕፍት የምንላቸው አይሁድ 24 ብለው የሚቆጥሯቸውን፣ በሌላ አቈጣጠር 39 የሚሆኑትን መጻሕፍት ነው። እንደ ሄኖክ፣ ኩፋሌና ዮዲት ያሉት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ቢገኙም ለዚህ ጥናት በሌላ ገጽ ይያዙ፤ አለበለዚያ የኋለኛው ትውልድ ስለ ባዕድ የሰጠው ምላሽ ከቀደመው ጽሑፍ ጋር ይደባለቅብዎታል። ለምሳሌ አቤሜሌክ ለ66 ዓመት እንደ ተኛ የሚናገረው ታሪክ የሚገኘው በተረፈ ባሮክ እንጂ በትንቢተ ኤርምያስ አይደለም።

ስለ ቁጥር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የዕብራይስጡና የአማርኛው የቁጥር አከፋፈል አንዳንድ ጊዜ በአንድ ይለያያል። ኦሪት ዘዳግም 23 ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ስለ አሞናዊና ስለ ሞዓባዊ የሚናገረው ሕግ በአማርኛው ከቁጥር 3 ሲጀምር በዕብራይስጡ ከቁጥር 4 ይጀምራል። ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው የታወቀው የመዝሙር ቃልም በአንዱ አቈጣጠር በ68ኛው፣ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር በ67ኛው መዝሙር ይገኛል። ጥቅስ አልገኝ ሲልዎ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ቁጥር ፈልገው ይዩ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ቃላቱን መለየት

ጊዜዎን በብዛት የሚያጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። አማርኛው እንግዳ፣ መጻተኛ፣ ስደተኛ፣ ባዕድ፣ ልዩ ሰው፣ አሕዛብ እያለ የሚያመጣቸው ቃላት በዕብራይስጡ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ቃላትን ይወክላሉ፤ ደግሞም አንድ የአማርኛ ቃል ሁልጊዜ ለአንድ የዕብራይስጥ ቃል ብቻ አይውልም። ስለዚህ በአማርኛው «እንግዳ» የሚለውን ብቻ ፈልጎ የሰበሰበ ሰው የሕግ ጥበቃ የሚደረግለትን ነዋሪና ለንግድ መጥቶ የሚመለሰውን የውጭ ሰው በአንድ ከረጢት ውስጥ ከትቷቸዋል።

የመጀመሪያው ቃል ጌር ነው (ቁጥር 1616)። ጌር ከተወለደበት ወጥቶ በእስራኤል መካከል የሚኖር፣ ርስት የሌለው፣ ስለዚህም ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ከመበለትና ከድሀ አደግ ጋር አብሮ የሚጠራውም ለዚህ ነው። እርሱን እንደ ራስህ ውደደው የሚለው ትእዛዝ (ዘሌ. 19፥34) የተሰጠው ስለ ጌር ነው። የአይሁድ መምህራን (ራቢዎች) ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ፣ ኦሪት ስለ ጌር ያስጠነቀቀችው 36 ጊዜ፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም 46 ጊዜ ነው ይላል። የግእዙ ቃል ግዩር ከዚሁ ቤተሰብ በአራማይክ በኩል የመጣ ስለሆነ ግእዝ የተማረ አንባቢ እዚህ ላይ ቀድሞ ይደርሳል።

በኋለኛው ዘመን በራቢዎች ዕብራይስጥ ጌር የሚለው ቃል ወደ ይሁዲነት የተመለሰ ሰው ማለት ሆነ። በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ጊዩር የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው ወደ አእምሮው የሚመጣው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤተ እስራኤልን ለተቃውሞ ሰልፍ እስከ ማስወጣት የደረሰው የመንጻት ሥርዓት ጥያቄ ነው። ይህን ትርጉም ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን ይዘው አይግቡ። እዚያ ጌር ስለ ኑሮ ሁኔታ የሚናገር ቃል ነው፤ እስራኤላውያን ራሳቸውም በግብፅ ጌሮች ነበሩ፤ ምድሪቱም የእግዚአብሔር ስለሆነች እነርሱ በእርሱ ዘንድ ጌሮችና ተቀማጮች ናቸው (ዘሌ. 25፥23)።

ሁለተኛው ኖክሪ ነው (ቁጥር 5237)፤ ቤን ኔካር የሚለው ሐረግም (ቁጥር 5236) ከዚሁ ሥር ይወጣል። የግእዙ ነኪር የዚህ ዘመድ ነው። ኖክሪ ሥሩና ቤቱ በሌላ አገር ያለ፣ ምናልባት ለንግድ ወይም ለጉዳይ የመጣ ሰው ነው። ወለድ ማስከፈል የተፈቀደው ከእርሱ ነው (ዘዳ. 23፥20)። ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ውስጥ ለማየት ኦሪት ዘዳግም 14፥21ን ያንብቡ፤ የሞተ እንስሳ ሥጋ ለጌር በነጻ ይሰጣል፣ ለኖክሪ ግን ይሸጣል። አንዱ ተረጂ፣ ሌላው ገዢ ነው። ይህን ካዩ በኋላ ዘሌዋውያን 17፥15ን ያስተያዩ፤ እዚያ ይህንኑ ሥጋ የበላ የአገር ልጅም ሆነ ጌር እኩል መታጠብ አለበት። ሁለቱ ሕጎች በቃሉ ቢስማሙም ጌርን ወደ ውስጥ በሚያስገቡበት መጠን ይለያያሉ።

ሦስተኛው ዛር ነው (ቁጥር 2114)፤ በአማርኛ ከምናውቀው ዛር ጋር አንድ አያድርጉት። ዛር ማለት ለአንድ ክልል ውጭ የሆነ ሰው ነው። በዘኍልቁ 3፥10 ወደ ክህነት አገልግሎት ቢቀርብ የሚሞተው ዛር ከአሮን ዘር ያልሆነ ማንኛውም ሰው ነው፤ የይሁዳ ነገድ አለቃም ቢሆን እዚያ ዛር ነው። ስለዚህ ይህን ቃል ባገኙ ቁጥር ከምን ውጭ የሆነ ብለው ይጠይቁ። አራተኛው ቶሻቭ፣ ማለትም ተቀማጭ ነው (ቁጥር 8453)፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጌር ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ ብዙ አያስቸግርም። አብርሃም በኬጢያውያን ፊት ራሱን በሁለቱም ቃላት ጠርቷል (ዘፍ. 23፥4)።

አምስተኛው ጎይ ነው (ቁጥር 1471)፣ ብዙ ቁጥሩ ጎዪም። በአማርኛ «ሕዝብ» ስንል ገለልተኛ ቃል ነው፤ «አሕዛብ» ስንል ግን የቃሉ ብዙ ቁጥር መሆኑ ተረስቶ ጣዖት አምላኪ የሚል ጥላ ያጠላበታል። በዕብራይስጡ ጎይ እስራኤልንም ይጨምራል። ለአብርሃም የተሰጠው ተስፋ ታላቅ ጎይ እንደሚሆን ነው (ዘፍ. 12፥2)፤ በሲና ተራራም እስራኤል ቅዱስ ጎይ ተብላለች (ዘጸ. 19፥6)። አሕዛብ የሚለውን ባነበቡ ቁጥር በልብዎ «ሕዝቦች» ብለው ቢተኩት ግማሹ አለመግባባት ይወገዳል።

ከእነዚህ ቃላት ሦስቱን አንድ ላይ ሲሠሩ ለማየት የፋሲካን ሕግ ይውሰዱ (ዘጸ. 12፥43-49)። ቤን ኔካር አይበላም፤ ቶሻቭና የቀን ሠራተኛ አይበሉም፤ ጌር ግን ከነወንድ ልጆቹ ከተገረዘ ይበላል፣ እንደ አገር ልጅም ይሆናል። በሰባት ቁጥር ውስጥ ሦስት የተለያዩ በሮች አሉ፤ በአማርኛው ብቻ ያነበበ ሰው አንዱን በር ብቻ ሊያይ ይችላል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ አንድ ሰው መርጦ መጠሪያውን መቍጠር

አሁን አንድ ገጸ ታሪክ ይምረጡ። ለጀማሪ ሩትን እመክራለሁ፤ መጽሐፉ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በአንድ ምሽትም ያልቃል። ሩት የተጠራችበትን ሁሉ በተራ ይጻፉ፤ ማን እንደ ጠራትም ከጎኑ ያስፍሩ።

«ሞዓባዊቱ ሩት» የሚለውን ሐረግ አምስት ጊዜ ያገኙታል (1፥22፤ 2፥2፤ 2፥21፤ 4፥5፤ 4፥10)። ሁለተኛውን ይመልከቱ፤ አማትዋን እየተከተለች ወደ ቤተ ልሔም ከደረሰች በኋላም፣ አንባቢው ማንነቷን በሚገባ ካወቀ በኋላም ተራኪው ሞዓባዊነቷን ያነሣል። በእርሻው ላይ ያለው አዛዥም ስሟን ሳይጠራ ሞዓባዊት ሴት ናት ይላል (2፥6)። ሩት ራሷ ግን ቦዔዝ ፊት ስትሰግድ ራሷን የጠራችው ኖክሪያ ብላ ነው (2፥10)፤ በዕብራይስጡ «ታውቀኝ ዘንድ» የሚለው ቃልና «ባዕድ» የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ፊደላት ስላሏቸው ባዕዷን ለምን እንደ ዘመድ አወቅሃት የሚል የቃል ጨዋታ ይሰማል። ጌር ብትል ኖሮ የመቃረም መብቷን ትጠይቅ ነበር። ኖክሪያ በማለቷ ምንም እንደማይገባት ተናገረች።

ከዚያ 4፥10ን አልፈው 4፥13ን ያንብቡ። ቦዔዝ ሩትን ወሰደ ይላል፤ ሞዓባዊቱ የሚለው ወድቋል። በመካከል ያለው ነገር በበሩ የነበሩት ሽማግሌዎች ቡራኬ ነው፤ የእስራኤልን ቤት እንደ ሠሩት እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርጋት ብለዋል። መጠሪያው የወደቀበትን ቦታ ማግኘት የዚህ እርምጃ ፍሬ ነው።

ይህንኑ በኦርዮ ላይ ሲያደርጉ ተቃራኒውን ያገኛሉ። ኦርዮ በስሙ ውስጥ የእስራኤልን አምላክ ስም ተሸክሞ፣ በዳዊት ሠራዊት ውስጥ እያገለገለ እስከ መጨረሻው ኬጢያዊው እየተባለ ይጠራል። ለካሌብ ደግሞ ሁለት ዓይነት መጠሪያ ያገኛሉ፤ በዘኍልቁ 13፥6 የይሁዳ ነገድ ወኪል ነው፣ በ32፥12 ግን ቄኔዛዊ ይባላል፤ ቄኔዛውያን ደግሞ በዘፍጥረት 15፥19 ምድራቸው ለአብርሃም ዘር ከተሰጠባቸው ሕዝቦች መካከል ተቈጥረዋል። እስራኤላዊ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ የተዘጋ እንዳልሆነ ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ።

አራተኛ እርምጃ፦ ንግግሩን መስማት፣ አምላክ በምን ስም እንደ ተጠራም መመርመር

የውጭ ሰው አፉን ሲከፍት የሚናገረውን የመጀመሪያ ቃል ይመዝግቡ። ረዓብ ወደ ሰገነቱ ወጥታ ለሰላዮቹ የተናገረችው (ኢያ. 2፥9-13) በምዕራፉ ውስጥ ረጅሙ ንግግር ነው፤ የእግዚአብሔርንም ስም አራት ጊዜ ትጠራለች። ሰላዮቹ ወደ ኢያሱ ተመልሰው ያቀረቡት ሪፖርት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ያንብቡ (2፥24)። ምድሪቱን ተሰጠናል፣ ነዋሪዎቿም ከፊታችን ቀልጠዋል ይላል፤ ይህ እርሷ የነገረቻቸው ቃል ነው። የስለላው ውጤት በሙሉ የአንዲት ከነዓናዊት ጋለሞታ ንግግር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በአማርኛ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ አንድ ችግር አለበት። የዕብራይስጡ አራት ፊደል ያለው የአምላክ ስምና ኤሎሂም የሚለው አጠቃላይ ቃል ሁለቱም አዘውትረው «እግዚአብሔር» ተብለው ይተረጐማሉ። ለብዙ ንባብ ይህ አያስቸግርም፤ የውጭ ሰዎችን ንግግር ለሚከታተል ግን ዋናውን ምልክት ይሰውርበታል። ስሙን በስትሮንግ ቁጥር 3068፣ ኤሎሂምን በ430 ይለዩ።

ትንቢተ ዮናስን በዚህ መንገድ ያንብቡ። መርከበኞቹ በማዕበሉ መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው ጮኹ (1፥5)። ዮናስ የአምላኩን ስም ከነገራቸው በኋላ ግን የሚጸልዩት በስሙ ነው (1፥14)፤ በስሙም መሥዋዕት አቀረቡ፣ ስእለትም ተሳሉ። በነነዌ የሚሆነው የተለየ ነው። የከተማይቱ ሰዎች ያመኑት ኤሎሂምን ነው (3፥5)፣ ንጉሡም በአዋጁ የሚጠራው ኤሎሂምን ነው (3፥8-9)፤ ልዩውን ስም አንድ ጊዜም አይጠሩም። ዮናስ ስሙን አልነገራቸውም፤ ከተማይቱ ትገለበጣለች ብቻ ነበር ያላቸው። ስሙን ያወቁትም ያላወቁትም ተቀባይነት አገኙ። ጾመ ነነዌን ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ በየዓመቱ ለሦስት ቀን የሚጾም ምእመን ያስተማሩት ሰዎች የአምላኩን ስም ሳያውቁ የጾሙ መሆናቸውን ቢያስብ ንባቡ ይጠልቅለታል።

አጋርንም በዚህ እርምጃ ያካትቱ። ግብፃዊት ባሪያ ስትሆን በምድረ በዳ ለተናገራት አምላክ ስም አውጥታለች (ዘፍ. 16፥13)። ከዚህ አስቀድሞ ሦራ አጋርን እንዳስጨነቀቻት የሚናገረው ግሥ በምዕራፍ 15፥13 የአብራም ዘር በባዕድ ምድር እንደሚጨነቅ የተነገረበት፣ በዘጸአት 1 ግብፃውያን እስራኤልን እንዳስጨነቁ የተገለጸበት ግሥ ነው። ግብፃዊቱን ያስጨነቀችው የእስራኤል እናት ናት፤ ተራኪው ይህን አልሸሸገም።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከጎኑ የቆመውን እስራኤላዊ መፈለግ

የውጭ ሰው ብቻውን ቆሞ አይተረክም። ከእርሱ ጋር በአንድ ትዕይንት ወይም በቀጣዩ ምዕራፍ የሚነጻጸር እስራኤላዊ አለ። ረዓብ ከነቤተሰቧ ከኢያሪኮ ጥፋት ስትድን፣ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አካን እርም ከሆነው ወስዶ ከነቤተሰቡ ይጠፋል። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ያንኑ ለምጽ ይለብሳል (2 ነገ. 5)። ኦርዮ ታቦቱና ሠራዊቱ በሜዳ ሳሉ ወደ ቤቴ ገብቼ አልተኛም ሲል ያን ሌሊት ዳዊት በቤተ መንግሥቱ ነበር (2 ሳሙ. 11፥11)። አቤሜሌክና ሴዴቅያስንም በመጀመሪያ አይተናል፤ ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ንጉሡ ዐይኑ ወጥቶ በሰንሰለት ሲወሰድ ለኩሻዊው ግን በእኔ ታምነሃልና ነፍስህ ታመልጣለች የሚል ቃል መጥቶለታል (ኤር. 39፥7፣ 39፥15-18)።

በአንድ ወገን የውጭውን ሰው፣ በሌላው እስራኤላዊውን አድርገው በሁለት ዐምድ ይጻፏቸው። ይሁን እንጂ ንጽጽሩን በግድ አይፈልጉት። የጌት ሰው ኢታይ፣ ዳዊት ከአቤሴሎም በሚሸሽበት ጊዜ ኖክሪና ስደተኛ ነህና ተመለስ ሲለው፣ በሞትም በሕይወትም ከአንተ ጋር እሆናለሁ ብሎ ማለ (2 ሳሙ. 15፥19-21)፤ እዚያ ከኢታይ ጋር ይበልጥ የሚገጥመው ቃል የሩት መሐላ ነው፤ ሁለቱም ባዕዳን ናቸው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ አንዱ ታሪክ ሁለት ጊዜ ከተነገረ ማስተያየት

የውጭ ሰው በአንዱ ተራኪ ዘንድ ታይቶ በሌላው ዘንድ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዘጸአት 18 ሙሴ ብቻውን ሲፈርድ ያየው የምድያም ካህን ዮቶር የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም ይመክረዋል፤ ከዚያ በፊትም መሥዋዕት አቅርቦ አሮንና ሽማግሌዎቹ ከእርሱ ጋር በልተዋል። በዘዳግም 1፥9-18 ሙሴ ይህንኑ ሹመት ሲተርክ ዮቶር የለም፤ ሐሳቡ የሙሴ ራሱ ሆኖ ቀርቧል።

ተቃራኒው የሆነው በንጉሥ ኢዮስያስ ታሪክ ነው። 2ኛ ነገሥት 23፥29 ፈርዖን ኒካዑ ኢዮስያስን በመጊዶ እንደ ገደለው በአጭሩ ይናገራል። 2ኛ ዜና መዋዕል 35፥21-22 ግን ለፈርዖኑ ንግግር ይሰጠዋል፤ ተራኪውም ኢዮስያስ ከእግዚአብሔር አፍ የወጣውን የኒካዑን ቃል አልሰማም ይላል። ታቦቱን ያከበረውና ፋሲካን ያደረገው ጻድቅ ንጉሥ የሞተው በግብፃዊ አፍ የመጣውን ቃል ባለመስማቱ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ሳያነብብ የሚያልፍ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የማይስማሙትን ጥቅሶች ሳያስታርቁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚቸኵሉት እዚህ ላይ ነው። ዘዳግም 23፥3 ሞዓባዊና አሞናዊ እስከ አሥር ትውልድ ወደ ጉባኤ እንዳይገቡ ይከለክላል። ነህምያ 13 ይህንኑ ሕግ በሕዝብ ፊት አስነብቦ የተደባለቀውን ሕዝብ ይለያል፤ ዕዝራ 9 እና 10 ባዕዳን ሚስቶች ከነልጆቻቸው እንዲሰናበቱ ያደርጋሉ። መጽሐፈ ሩት ደግሞ በትውልድ ሐረጉ መጨረሻ የዳዊት አያት ኢዮቤድ ከሞዓባዊት እንደ ተወለደ ያሳያል። ኢሳይያስ 56፥3-7 ቤን ኔካር ወደ ቅዱሱ ተራራ እንደሚመጣና መሥዋዕቱም እንደሚወደድ ሲናገር ሕዝቅኤል 44፥9 ቤን ኔካር ወደ መቅደስ አይግባ ይላል፤ ቃሉ በሁለቱም አንድ ነው።

ራቢዎቹ የሩትን ነገር የፈቱት ሕጉ ሞዓባዊ ብሎ በወንድ አንቀጽ ስለ ተናገረ ሞዓባዊትን አይመለከትም በማለት ነው፤ ብያኔው በጥንቱ የራቢዎች የሕግ ስብስብ በሚሽና ይገኛል። መፍትሔው ብልህነት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው በጥንት ጊዜም ከባድ እንደ ነበረ የሚመሰክረው መፍትሔ ማስፈለጉ ነው። እርስዎ ከማስታረቅዎ በፊት እያንዳንዱ ጽሑፍ የሰጠውን ምክንያት ይጻፉ። ዘዳግም 23 ሞዓብን የከለከለው እንጀራና ውኃ ስለ ከለከሉና በለዓምን ስለ ገዙ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ግብፃዊን አትጸየፍ የሚለው ደግሞ በአገሩ ጌር ነበርክና በሚል ምክንያት ነው። ባሪያ ያደረገች አገር ከጎረቤቷ ሞዓብ ይልቅ በሩ ቀርቦላታል፤ በሦስተኛው ትውልድ የግብፃዊ ልጆች ይገባሉ።

የከነዓን ሰባቱ ሕዝቦች እንዲጠፉ የሚያዝዙትን (ዘዳ. 7 እና 20) እና በምድያም ላይ የተደረገውን (ዘኍ. 31) ከዝርዝሩ አያውጡ። ምድያም የዮቶርና የሲፓራ አገር መሆኑንም ከጎኑ ይጻፉ። እኔ በበኩሌ በእነዚህ ምዕራፎች ላይ ቸኩሎ መልስ ከሚሰጥ መምህር ይልቅ ተማሪው እንዲከብደው የሚተወውን አምናለሁ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ የአገር ስሞችንና ከመጽሐፉ ውጭ ያለውን ምስክር መመርመር

ለእኛ አንባቢዎች ዋናው ኩሽ ነው። የዕብራይስጡ ኩሽ በግሪኩ ትርጉም አይቲዮጵያ ሆነ፤ በዚያ በኩል ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ ኢትዮጵያ ሆኖ ገባ። በነገሥታቱ ዘመን ኩሽ በዋናነት ከግብፅ ደቡብ በናይል ዳር፣ በዛሬዪቱ ሱዳን የነበረውን መንግሥት ያመለክታል። በ2ኛ ነገሥት 19፥9 የተጠቀሰው ቲርሐቅ ከ690 እስከ 664 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅንም የገዛው ታሃርቃ ነው። ይህን ማወቅ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል የያዘውን ትውፊት አያፈርስም፤ የጥንቱን ካርታና የዛሬውን ድንበር ግን ለይቶ ያስቀምጣል። በዚህ ዓይን አሞጽ 9፥7ን ያንብቡ፤ እግዚአብሔር እስራኤልን ለእኔ እንደ ኩሽ ልጆች አይደላችሁምን ሲል ይጠይቃል፣ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶርና ሶርያውያንን ከቂር ያወጣም እርሱ መሆኑን ይጨምራል። መውጣት የእስራኤል ብቻ ታሪክ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚናገር ቁጥር አላውቅም። በዘኍልቁ 12 ማርያም ሙሴን ስለ ኩሻዊቱ ሚስቱ ባማችው ጊዜ እንደ በረዶ ነጭ ሆና ለመጽችም፤ ቅጣቱ ከሐሜቱ ጋር ያለውን ቀለም ያስተውሉ።

የባዕዱን የራሱን ድምፅ መስማት የሚቻልባቸው ጥቂት ድንጋዮችም አሉ። በ1868 እ.ኤ.አ. በዲባን የተገኘውና በፓሪስ ሉቭር የሚገኘው የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ሐውልት ከዕብራይስጥ እጅግ በሚቀርብ ቋንቋ አምላኩ ካሞሽ በምድሩ ተቈጥቶ እንደ ነበር፣ ንጉሡም አንዲት ከተማን እርም እንዳደረገ ይናገራል፤ ከመጽሐፈ ኢያሱ ያነበብነው ቃል ከጠላት አፍም ይሰማል ማለት ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ከዮርዳኖስ ምሥራቅ በዴር አላ በልስን ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ተገኝቶ የቢዖር ልጅ በለዓምን የአማልክት ባለ ራእይ ሲል ይጠራዋል። ዘኍልቁ 22 እስከ 24ን ከዚህ ጋር ሲያነቡ በለዓም በአካባቢው ዝነኛ እንደ ነበረ ይገነዘባሉ፤ ተራኪው ዝነኛውን የባዕድ ነቢይ ወስዶ እንዲባርክ አስገደደው።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ የመጽሐፉን መጨረሻ ማየት

በመጨረሻ ለቂሮስ አንድ ገጽ ይተዉ። ኢሳይያስ 45፥1 የፋርስን ንጉሥ መሲሕ፣ ማለትም የተቀባ ይለዋል፤ ይህ ቃል ለሳኦልና ለዳዊት የተነገረ ነው። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 4 እና 5 ሁለት ጊዜ አላወቅኸኝም ይለዋል። በ1879 እ.ኤ.አ. በባቢሎን የተገኘው የቂሮስ የሸክላ ጽሑፍ ደግሞ ድሉን ለማርዱክ ይሰጣል። ነቢዩና ንጉሡ ስለ አንዱ ድል የተለያየ አምላክ ጠርተዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ትይዩ አድርገው ይጻፏቸው።

ከዚያ የሁለቱን መጽሐፎች ቅደም ተከተል ያወዳድሩ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዜና መዋዕል ከነገሥታት ቀጥሎ በመካከል ይገኛል። በተለመደው የአይሁድ የኅትመት ቅደም ተከተል ግን የመጨረሻው መጽሐፍ እርሱ ነው፤ ስለዚህ የዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚዘጉት በ2ኛ ዜና መዋዕል 36፥23 ነው። ይህ ቁጥር የፋርስ ንጉሥ አዋጅ ነው፤ የሰማይ አምላክ በኢየሩሳሌም ቤት እንድሠራለት አዝዞኛል፣ ከሕዝቡ ሁሉ በመካከላችሁ ማንም ቢኖር አምላኩ ከእርሱ ጋር ይሁን ይልና በአንድ የዕብራይስጥ ቃል ያቆማል፤ ቃሉም «ይውጣ» የሚል ነው።